ከመደምሰስ በፊት መመርመር ይቅደም

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ እንዲሁም በመካከላቸውና በዙሪያቸው ባሉት በማንኩሳ፣ በጅጋና በደምበጫ፣ የአስፋልቱን መንገድ ተከትለው በተከፈቱት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ፣ ዕድሜ የጠገበና «ሀክ የተደረገ» የሚባለው የጨዋታ ማሽን ሲበራ መዘግየት የጀመረ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱም ጠጋኙም ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት መፍትሔ ፎርማት ማድረግ፣ ይኸውም በሃርድ ዲስኩ ላይ የተከማቸውን ሁሉ ጠራርጎ አጥፍቶ እንደ ገና መጫን ነው። ይህ ልማድ ለጊዜው የሠመረ ቢመስልም፣ የችግሩን መንሥኤ ሳይነካ ውጤቱን ብቻ የሚሸፍን፣ የሰውን ድካም በከንቱ የሚያስቀር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እጀ ብልህ የሆኑትን ወጣቶቻችንን መርምሮ ከማወቅ ይልቅ ደምስሶ መገላገልን የሚያስተምር ስለ ሆነ፣ ሊታረም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ጽሑፍ የማቀርበው ለጠጋኞቹ፣ ለቤቶቹ ባለንብረቶችና በዞናችን ላሉት የቴክኒክና ሙያ መምህራን ነው።

ነገሩን ከጥንቱ ለመጀመር ያህል፣ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሁለተኛውን ፕሌይስቴሽን በየካቲት 1992 ዓ.ም.፣ ሦስተኛውንም በኅዳር 1999 ዓ.ም. በአገሩ ለገበያ አቀረበ፤ ሁለተኛው ብቻውን በዓለም ሁሉ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እነዚህ ማሽኖች በተሠሩበት አገር ዘመናቸው አልፎ በአዳዲሶቹ ከተተኩ በኋላ፣ በሌላ ሰው ቤት አገልግለው በነጋዴ ጓዝ ወደ እኛ ሲደርሱ፣ ዲስክ የሚያነበው ሌንሳቸው የደከመ፣ የሚጫወቱበትም ኦርጅናል ዲስክ በገበያችን የማይገኝ በመሆኑ፣ ጨዋታውን በሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ ላይ አስቀምጦ ማሽኑ ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ የግድ ሆነ። «ሀክ ማድረግ» የሚባለው ይህ ሥራ በሁለተኛው ፕሌይስቴሽን «ፍሪ ማክቡት» የተባለውን ሶፍትዌር በሚሞሪ ካርድ ላይ በመጫን፣ በሦስተኛው ደግሞ የማሽኑን መሠረታዊ ሶፍትዌር ጨርሶ በመለወጥ፣ ያን በማይቀበሉት የኋለኞቹ ሞዴሎች ላይም ማሽኑ በበራ ቁጥር መቀስቀስ የሚያስፈልገውን «ሄን» የተባለውን በመጫን ይፈጸማል። «ፔስ» ከተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ለሦስተኛው ፕሌይስቴሽን የተሠራው የመጨረሻው በመስከረም 2010 ዓ.ም. የወጣው የ2018ቱ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ወዲህ የመጡትን ተጫዋቾችና ማሊያዎች በፓች እየጨመሩ ጨዋታውን እስከ ዛሬ ያቆዩት ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠሩ እጆች ናቸው።

ይህ ማሽን መጫወቻ ብቻ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር፣ ሦስተኛው ፕሌይስቴሽን ሶኒ፣ ቶሺባና አይቢኤም አብረው የደከሙበትን «ሴል» የተባለ ፕሮሰሰር የያዘ፣ እስከ መጋቢት 2002 ዓ.ም. ድረስም ኩባንያው ራሱ ሊኑክስን እንዲጭኑበት ለባለቤቶቹ ይፈቅድ የነበረ ሙሉ ኮምፒዩተር መሆኑን፣ የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ተቋምም 1,760 የሚሆኑትን አንድ ላይ አገናኝቶ በ2003 ዓ.ም. ታላቅ የስሌት መሣሪያ እንዳደረጋቸው ልንገረው። እንግዲህ የኮምፒዩተር ክፍል በሌለው የገጠር ትምህርት ቤት የተማረ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከቤተሰቡ ተለይቶ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ከተማ የገባ ልጅ፣ ስለ ፋይል፣ ስለ ፎልደር፣ ስለ ሃርድ ዲስክና ስለ ሶፍትዌር በመጀመሪያ በእጁ የሚዳስሰው በዚህ ማሽን ላይ ሊሆን ይችላልና፣ የሚማርበት መንገድ ቀና ይሁን ጠማማ ለሁላችንም ግድ ሊሰጠን ይገባል።

ሦስተኛው ፕሌይስቴሽን ለምን እንደ ዘገየ ለማወቅ፣ ሲበራ በውስጡ በቅደም ተከተል የሚፈጸመውን መረዳት ይቀድማል። ቀዩ መብራት ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ፣ አስቀድሞ መብራት ቢጠፋም ከማይደመሰስ ማኅደሩ ውስጥ ያለው መሠረታዊ ሶፍትዌር ይነሣል፤ እርሱም ሃርድ ዲስኩን ያነቃና የፋይሎቹን ሥርዓት ጤንነት ይመለከታል፤ ከዚያ በኋላ ሜኑው በቴሌቪዥኑ ላይ ይወጣል፤ በመጨረሻም ማሽኑ ሀክ ሲደረግ የተጨመሩት ፕሮግራሞች፣ ከእነርሱም የታወቀው «ዌብማን»፣ ተነሥተው በውስጥም በውጭም ያሉትን ጨዋታዎች እየቆጠሩ ስማቸውንና ሥዕላቸውን ይደረድራሉ። መዘግየቱ ከእነዚህ ማዕርጋት በየትኛው ላይ እንደ ሆነ ለይቶ ማየት የምርመራው እኩሌታ ነው፤ ሜኑው ሳይወጣ ስክሪኑ ጠቁሮ የሚቆይ ከሆነ ጥርጣሬው በመጀመሪያ ወደ ሃርድ ዲስኩ ያደላል፣ ሜኑው በጊዜው ወጥቶ ጆይስቲኩን አልታዘዝ ብሎ «ስታክ የሚያደርግ» ከሆነ ግን ነገሩ በኋላ ከተጨመሩት ፕሮግራሞችና ከጨዋታዎቹ ብዛት ዘንድ ሊገኝ ይችላል። ሄን በተጫነበት ማሽን ላይ ደግሞ ቅስቀሳው አንዳንድ ጊዜ ሳይሳካ ቀርቶ ማሽኑን ስለሚያደርቀው፣ አጥፍቶ እንደ ገና ማብራት የስልቱ ጠባይ እንጂ የሃርድ ዲስክ ብልሽት ምልክት አይደለም።

በቡሬ አንድ ወጣት ጠጋኝ ይህን የመሰለ ማሽን ሲመረምር አጠገቡ ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። የማሽኑን አካል ሳይፈታ፣ ብሎን ሳያላላ፣ በመጀመሪያ ከውጭ የተሰካውን ሃርድ ዲስክ ነቀለና ማሽኑን አበራ፤ ሜኑው ሳይዘገይ ወጣ። ከዚያም ሃርድ ዲስኩን መልሶ ሰካና አበራ፤ መዘግየቱ ተመለሰ። ባለንብረቱ ፎርማት እንዲያደርግለት ያመጣው ማሽን በራሱ ምንም አልነበረበትም፤ የታመመው የውጭው ሃርድ ዲስክ ሲሆን፣ እርሱም ለዓመታት ሲጠራቀሙበት የኖሩት ጨዋታዎች በዝተውበት፣ ግማሾቹም ከማንም ፍላሽ ተገልብጠው በጎደሎ የቀሩ ነበሩ። ልጁ የማይሠሩትን ለይቶ አወጣ፤ ማሽኑ በበራ ቁጥር ጨዋታዎቹን ሁሉ እንዳይቆጥርም በዌብማን ማስተካከያ ከለከለ፤ ሥራውም በዚሁ ተፈጸመ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን ማየት፣ ከዚያም ወደ ነበረበት መልሶ ማረጋገጥ፣ የሳይንስ ሁሉ መሠረት የሆነው ሥርዓት ይኸው ነው።

የውጭው ሃርድ ዲስክ ነጻ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ሁለተኛው እርምጃ ማሽኑን በሴፍ ሞድ ማስነሣት ነው። በጠፋው ማሽን ላይ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ማሽኑ መልሶ እስኪጠፋ ድረስ መቆየት፣ ከዚያም ዳግመኛ ተጭኖ ሁለት ፈጣን ድምፅ በተከታታይ እስኪሰማ መጠበቅ፣ ስድስት ምርጫዎች ያሉትን ገጽ ያመጣል። ሦስተኛው የፋይሎቹን ሥርዓት ይጠግናል፤ አራተኛው የማሽኑን የመረጃ ማውጫ እንደ ገና ያደራጃል፣ ጨዋታውንና የተቀመጠውን ሴቭ ግን አይነካም፤ አምስተኛው ሁሉን ይደመስሳል። መድኃኒቱና ጥፋቱ እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት የጆይስቲኩ አንዲት ንክኪ ብቻ ሲሆን፣ በከተሞቻችን ስንትና ስንት ማሽን ሦስተኛውና አራተኛው ሳይሞከሩለት በቀጥታ ወደ አምስተኛው እንደ ተነዳ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያውቁታል።

እነዚህም ካልፈቱት ምርመራው ወደ ሃርድ ዲስኩ አካል ይደርሳል። በማሽኑ ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ እንደ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር በመሆኑ፣ በዕድሜ ብዛት ገጹ ሲጎዳ፣ የማይነበበውን ስፍራ ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል ጊዜውን ይፈጃል፤ አልፎ አልፎም ቀጭን የመንኳኳት ድምፅ ያሰማል። ይህን ለማረጋገጥ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘትና የጤንነት መዝገቡን በፕሮግራም ማንበብ ይቻላል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ታላቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የፕሌይስቴሽን ሃርድ ዲስክ የተጻፈው በዚያ ማሽን ብቻ በሚፈታ ምሥጢራዊ ቁልፍ ስለ ሆነ፣ ዊንዶውስ ምንም እንደሌለበት ባዶ ዕቃ ቆጥሮት «ላዘጋጀው ወይስ ፎርማት ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ያወጣል፤ ሳያስተውል «እሺ» ያለ ሰው የብዙ ዓመት ስብስብ በቅጽበት ያጣል። መዝገቡ ሃርድ ዲስኩ መጎዳቱን ከመሰከረ፣ በላዩ ያለውን በማሽኑ የራሱ የባክአፕ መንገድ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ካሸጋገሩ በኋላ አካሉን መለወጥ እንጂ፣ የተጎዳውን ፎርማት አድርጎ መመለስ ባለንብረቱን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደዚያው በር የሚመልስ ሥራ ነው። የማይሽከረከረውን ኤስኤስዲ ቢተኩበትም መሻሻል ይታያል፤ ነገር ግን ማሽኑ ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መስመር ማሽኑ በተሠራበት በድሮው ዘመን ፍጥነት የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ተአምር እንደሚሠራ አድርጎ ለደንበኛ መስበክ አይገባም።

ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የዩኤስቢ መስመሩ የመጀመሪያው ዓይነት፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሴኮንድ 12 ሜጋቢት ብቻ በመሆኑ፣ ከፍላሽ የሚነሣ ጨዋታ መንቀራፈፉ ብልሽት ሳይሆን የመስመሩ ወሰን ነው፤ በፍላሹ ላይ ብዙ ጊዜ እየጠፋና እየተጻፈ ቁርጥራጭ ሆኖ የተቀመጠ ጨዋታ ከሆነም ጨርሶ አልነሣም ሊል ይችላል፤ ጨዋታዎቹን የሚያነሣው ሶፍትዌር የሌለን ሃርድ ዲስክና ያልተዘረጋን ኔትወርክ እንዲጠብቅ ታዝዞ ከሆነም በከንቱ ሲጠብቅ ይቆያል። የደረቀ ቴርማል ፔስትና በአቧራ የታፈነ ፋን ደግሞ፣ ሁልጊዜ መጽዳትና መለወጥ የሚገባቸው ቢሆኑም፣ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን በመካከል የሚያጠፉ እንጂ መነሣቱን የሚያዘገዩ አይደሉም፤ ስለዚህ ለዘገየ ማሽን ሁሉ ፔስት ቀብቶ ዋጋ መቀበል ከእውነተኛ ጠጋኝ አይጠበቅም።

ከእነዚህ ሁሉ ምክንያቶች በላይ በእኛ አገር የማሽኑ ቀንደኛ ጠላት የመብራት መቆራረጥ ነው። ማሽኑ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ድንገት ሲሄድ፣ የጀመረው ጽሕፈት ሳይፈጸም ይቀራል፤ መብራት ሲመጣም ማሽኑ በአግባቡ እንዳልጠፋ አውቆ ፋይሎቹን ለመፈተሽ ይቆማል፤ ይህም በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ ሲደርስበት ማውጫው እየተዛባ፣ መነሣቱም እየከበደ ይሄዳል። ነገር ግን ጥፋቱ ሁሉ ከመብራት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ማታ ሲዘጋ እያንዳንዱን ማሽን በሥርዓቱ ከማጥፋት ይልቅ ማከፋፈያውን በአንድ ጊዜ ነቅሎ የሚሄድ ባለንብረት፣ በገዛ እጁ ያንኑ መቆራረጥ በየማታው ይደግመዋል። ብዙዎች ስታቢላይዘር ስለ ገዙ ብቻ የዳኑ ይመስላቸዋል፤ ስታቢላይዘር ግን የኃይሉን መዋዠቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለአንዲት ደቂቃም አያቆይም፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው፣ እርሱም ጨዋታውን ለመጨረስ ሳይሆን ማሽኑን በሰላም ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ቢሰጥ ከበቂ በላይ ነው።

ፎርማት የሚያጠፋው ምን ያህል እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ደግሞ ይህን ልንገር። በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለው ሴቭ፣ የሰፈሩ ልጆች ለወራት የደከሙበት ሊግ፣ አንዱ ወጣት ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ እየለወጠ ያዘጋጀው ቡድን ነው። ፓቹና ጨዋታው ራሱ ደግሞ ከኢንተርኔት እንደ ልብ የሚወርድ አይደለም፤ በተለይ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ በቆየበት ዘመን፣ ፋይል ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ በፍላሽ በሰው እጅ መምጣት ነበረበት። እንዲህ በድካም የተገኘን ነገር ምክንያቱን ሳይጠይቁ መደምሰስ፣ በብራና ላይ አንዲት ፊደል የተሳሳተ ቁም ጸሐፊ ያችን ፊደል በካራው ፍቆ በማረም ፈንታ መጽሐፉን ሁሉ እሳት ውስጥ እንደ መጨመር ነው፤ በጎጃም አድባራት የኖሩት የመጻሕፍት ጌቶች እንዲህ ቢሠሩ ኖሮ ዛሬ ዓይናችን የሚያርፍበት አንድ ብራና ባልተረፈ ነበር።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው የወላጆች ነው፤ የፕሌይስቴሽን ቤት ልጆችን ከትምህርት የሚያስቀር ስለ ሆነ ማሽኑ ቢዘገይ ይሻላል እንጂ ምን ያስጨንቃል የሚሉ አሉ። በትምህርት ሰዓት ተማሪን የሚያስገባ ቤት ጥፋተኛ መሆኑን እኔም ሳልሸሽግ እናገራለሁ፤ ይህን ግን የሚያርመው የወላጅ ተግሣጽና የቀበሌ ቁጥጥር እንጂ የማሽን ብልሽት አይደለም። ሁለተኛው የሕግ ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአገራችን ጸንቶ ሳለ፣ የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ ሲገለበጥ ዝም ማለት አይገባም የሚሉ ይኖራሉ። ይህም እውነተኛ ነገር ነው፤ ሶኒ ራሱ የማሽኑን ምሥጢራዊ ቁልፍ ለሕዝብ የገለጠውን ጆርጅ ሆትዝን በጥር 2003 ዓ.ም. ከሶ፣ በዚያው ዓመት በስምምነት ጨርሷል። ይሁን እንጂ ኩባንያው ማምረቱን በተወው ማሽን ላይ፣ በገበያችን በሕጋዊ መንገድ ሊገዛ ያልቻለን ነገር ስለሚጠቀም ወጣት የሚነሣው የፍትሕ ጥያቄ በሰፊው መመርመር የሚገባው ሆኖ፣ የተበላሸን ዕቃ መንሥኤውን ፈልጎ የመጠገን ዕውቀት ግን በማንኛውም ሕግ ፊት ንጹሕና የተመሰገነ ነው።

ለምን ታዲያ ጠጋኞቻችን ይህን እያወቁ ወደ ፎርማት ይቸኩላሉ ብለን ብንጠይቅ፣ ምክንያቱ ከስንፍና ይልቅ ከእኛ ከደንበኞች ዘንድ ይገኛል። ፎርማት ያደረገ ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ ደንበኛውም ሳይከራከር ይከፍላል፤ ውጭ የተሰካውን ነቅሎ «ማሽንህ ደኅና ነው፣ ያስቸገረህ ይህ ነው» ያለው ግን «ምን ሠራህና?» ተብሎ ባዶ እጁን ይሰደዳል። የታየውን የእጅ ሥራ እንጂ ያልታየውን የአእምሮ ሥራ መክፈል አልለመድንም፤ እንዲህ ሆነን ሳለ ባለ እጁ አእምሮውን ትቶ እጁን ብቻ ቢሠራ የምንወቅሰው ማንን ነው?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ጠጋኞች ማሽን ሲቀበሉ ከፎርማት በፊት የሚሠሩትን ምርመራ በቅደም ተከተል ይወስኑ፤ ከውጭ የተሰካውን መንቀል፣ የተጨመሩትን ፕሮግራሞች ማቃለል፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ምርጫ መሞከር፣ የሃርድ ዲስኩን ጤንነት ማንበብ፤ ፎርማት የመጨረሻው ይሁን፣ ያውም ባክአፕ ከተያዘና ባለንብረቱ ምን እንደሚያጣ ተነግሮት ፈቃዱን ከሰጠ በኋላ። ባለንብረቶች የምርመራን ዋጋ ከጥገና ዋጋ ለይተው ይክፈሉ፤ ማታ ማታም ማሽኖቻቸውን በሥርዓቱ ያጥፉ። በዞናችን ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ደግሞ እነዚህን ወጣቶች ከመንገድ ዳር ሥራቸው ጠርተው፣ የሚያውቁትን በወግ እንዲያስተምሩ፣ የማያውቁትንም እንዲማሩ፣ ችሎታቸውም በምዘና ታይቶ የብቃት ማረጋገጫ እንዲያገኙ ያድርጉ፤ የተበላሸ ፕሌይስቴሽን ለምርመራ ልምምድ የሚሆን ርካሽና ሁሉን የያዘ መሣሪያ ነውና፣ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ የላቦራቶሪ ዕቃ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ይህ ልማድ የሚጠቅመው ለጨዋታ ቤት ብቻ አይደለም። በብርና በላህ ወንዝ ዳር ውኃ ለመስኖ የሚስበው ሞተር አልነሣ ሲል፣ የገጠሩ ወፍጮ በመከር ወራት ሲቆም፣ የጤና ጣቢያው ኮምፒዩተር ካርድ አላወጣም ሲል፣ ገበሬውም ታማሚውም የሚጠብቁት አንዱን ነገር ለይቶ የሚፈትን፣ የደረሰበትን የሚያስታውስ፣ ምክንያቱን ሳያገኝ ወደ መለወጥና ወደ መደምሰስ የማይቸኩል ሰው ነው። ያ ሰው ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በፕሌይስቴሽን ቤት ጓዳ ተቀምጦ ሃርድ ዲስክ በእጁ ይዟል፤ የሚያመጣለት ባለንብረት «ፎርማት አድርግልኝ» ማለቱን ትቶ «ምክንያቱን ፈልግልኝ፣ ለፍለጋህም እከፍልሃለሁ» ያለው ዕለት፣ አገራችን እጅግ የምትፈልገው ሙያ በገዛ መንደራችን መሠልጠን ይጀምራል።